ቶሎ መናገር ወይስ ውጤት መጠበቅ?

ጎንደር፣ አዘዞ ያለ የታሸገ ውኃ ፋብሪካ ነው እንበል። ቅዳሜ ጠዋት፣ ገበያው ሞልቶ ሳለ፣ አራዳ ካሉ ሱቆች «ውኃው ይሸታል» የሚል ስልክ ይደወላል።

ውጤት እስኪመጣ ዝም ማለትን ጠበቆች ይወዱታል፤ ያልተረጋገጠ ነገር ከአፍ አይወጣም። ግን የባክቴሪያ ምርመራ ናሙናው እስኪያድግ ቢያንስ አንድ ቀን ይፈልጋል። እስከዚያ ወሬው በቴሌግራም ከማራኪ ፒያሳ ይዳረሳል፤ ውጤቱ ንጹሕ ቢሆን እንኳ የሚሰማው የለም።

በሰዓታት ውስጥ የሚናገር ደግሞ ሦስት ነገር ብቻ ይበል፦ የምናውቀውን፣ ገና ያላወቅነውን፣ ቀጥሎ የምንናገርበትን ሰዓት። ብዙዎች የሚሰናከሉት እዚህ ነው፤ «ምንም ጉዳት የለውም» ይሉና ማግስቱን ቃላቸውን ያጥፋሉ። የባች ቁጥሩ (በአንድ ዙር የተመረተውን የሚለየው ቁጥር) ጠርሙሱ ላይ የት እንደተጻፈ ጭምር ይነገር፤ ባለሱቁ ያንን ብቻ ለይቶ ከመደርደሪያ እንዲያወርድ። ገንዘቡ ያለ ደረሰኝ ይመለስ። ለአንድ ጠርሙስ ውኃ ደረሰኝ የሚይዝ ማን አለ?

በ1982 እ.ኤ.አ. ቺካጎ አካባቢ 7 ሰዎች ሳይናይድ የተባለ መርዝ በተጨመረበት ታይለኖል በተባለ የሕመም ማስታገሻ ሲሞቱ፣ የመድኃኒቱ ባለቤት ኩባንያ ጆንሰን ኤንድ ጆንሰን 31 ሚሊዮን ያህል ጠርሙስ ከገበያ ሰበሰበ፤ መድኃኒቱ ወደ ገበያ የተመለሰው በሦስት ድርብ ታሽጎ ነው። ልብ በሉ፣ መርዙ የገባው ፋብሪካ ውስጥ አልነበረም።

የሰው ጤና ካለበት ሁለተኛው መንገድ ያለ ጥርጥር ይሻላል። ገንዘብ ጎደለ ተብሎ ሠራተኛ ሲጠረጠር ግን ይጠበቅ፤ ኦዲቱ ሳያልቅ ስም መጥራት ሌላ ክስ ይወልዳል።