ኪዮቶ ላይ «የታይሾ ዘመን ኪሞኖ ነው» የሚላችሁን ሰውዬ ተጠንቀቁት

እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው። ለአንድ ኪሞኖ፣ ለጃፓኖች ባህላዊ ልብስ፣ 45,000 የን!

ቦታው ጃፓን፣ ኪዮቶ ነው፣ ቶጂ ቤተ መቅደስ አካባቢ ካሉት አሮጌ ልብስ ሻጮች አንዱ ጋ። በየወሩ በ21 ገበያው ሲቆም ሄጄ ነው የገባሁበት። ሰውየውን ታውቁታላችሁ። ሻይ የሚቀዳላችሁ፣ ስለ ዋጋ ሳይሆን ስለ አያቱ የሚያወራው ዓይነት።

ኪሞኖው ሐምራዊ ነው፣ ወራጅ ውሃ ላይ የሠረገላ ጎማዎች ያሉበት። ጎማ ውሃ ውስጥ ምን ይሠራል አልኩት። የድሮ መኳንንት የበሬ ሠረገላቸው ጎማ ደርቆ እንዳይሰነጠቅ ወንዝ ውስጥ ይነክሩት ነበር አለኝ። ይሄ እውነት ነው፣ በኋላ አጣርቻለሁ። የያዘኝም በዚሁ ነው።

«በእጅ የተሠራ ዩዜን ነው፣ የታይሾ ዘመን» አለ። ዩዜን ጨርቅ ላይ ንድፍ በቀለም የሚሠራበት የጃፓን ጥበብ ነው፤ ታይሾ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1912 እስከ 1926 ማለቱ ነው። አንዱ ጎማ ላይ የቀለም ጠብታ አለች። «የሠዓሊው እጅ ስታ ነው» ብሎ በጣቱ ዳሰሳት። እኔ ጅሏም ዳሰስኳት።

ከዚያ ላይተር አወጣ። የልብሱን ጫፍ ገልበጥ አደረገና አንድ ክር መዘዘ፣ ለኮሰው። የተቃጠለ ፀጉር ሸተተኝ። አመዱን በጣቶቹ ፈርፈር አድርጎ አሳየኝ። ሐር ሲቃጠል እንዲህ እንደሚሆን አውቃለሁ፣ ስለዚህ ቦርሳዬን ከፈትኩ። ግን ክሩን ከየት መዘዘው? ከውስጥ፣ ከቀዩ ገበር! ዓይኔ እያየ! ገበሩ የምር አሮጌ ሐር ነው። የላዩን ቤት ገብቼ ስለኩሰው ቀልጦ ጥቁር ዶቃ ሆነ። ፖሊስተር። ያቺ ጠብታ ደግሞ እጅጌው ላይም፣ ጀርባው ላይም አለች፤ እዚያው ቦታ፣ ያችው መጠን። ሰባት ቆጠርኩ። የእጅ ስህተት ሳይሆን የታተመ ነው ማለት ነው።

ሽሮ ሜዳ ጥለት ስመርጥ ያደግኩ ሰው ነኝ እኮ! የታተመውን ከሸማኔው ሥራ በሩቁ ነበር የምለየው።

በማግስቱ ስመለስ ሰውየው የለም። ሱቁ ውስጥ የነበረችው ልጅ ደረሰኙን አዙራ አሳየችኝ። «ያገለገለ ልብስ» ይላል፣ ሐርም ታይሾም የሚል የለበትም። አፏን በእጇ ሸፍና ሳቀች። «ለፎቶ ግን ያምራል» አለችኝ።

ክሩን ራሳችሁ ምዘዙ፣ ከላይኛው ጨርቅ። ደረሰኙ ላይም «ሐር» ብለው ይጻፉላችሁ። ገበያው ውስጥ እኮ መሬት ላይ ከተከመረው የምር ሐር በ3,000 የን እየተሸጠ ነበር። ረግጬው ነው ያለፍኩት።