ፍራንዝ ሴል ደሴ ላይ፦ ከወራት አገልግሎት በኋላ

ፍራንዝ ሴል የሚቀባ መድኃኒት በቆዳ ውስጥ ምን ያህል እንደሚያልፍ የሚለካበት የብርጭቆ መሣሪያ ነው። ለመግዛት ለምታስቡ አስቀድሜ ልንገራችሁ፦ ብርጭቆው ላወጣሁበት ገንዘብ አላሳፈረኝም። አብሮ በጥቅል የተሸጠልኝ የውሃ ማሞቂያ ግን ባይኖር ይሻል ነበር።

መሣሪያው ቀላል ነው። ከላይ ጄሉ የሚቀመጥበት ክፍል፣ መሀል ላይ ቆዳ፣ ከታች ባፈር (አሲድነቱ የማይለዋወጥ፣ ያለፈውን መድኃኒት የሚቀበል ፈሳሽ) የሚሞላበትና በማግኔት የሚማሰል ክፍል፣ ጎኑ ላይ ደግሞ ሳምፕል የሚቀዳበት ቀጭን ቱቦ አለው። ቶማስ ፍራንዝ ሥራውን ካሳተመበት እ.ኤ.አ. ከ1975 ወዲህ መሠረቱ ብዙም አልተለወጠም። የምንፈልገው አንድ ቁጥር ነው፦ በአንድ ስኩዌር ሴንቲሜትር ቆዳ በሰዓት ስንት ማይክሮግራም መድኃኒት አለፈ?

እኔ በብዛት የምለካው 1 በመቶ የዳይክሎፌናክ (የሕመም ማስታገሻ) ጄል ነው። ቆዳው የፍየል ጆሮ ነው፤ የዕለቱን ከሥጋ ቤት አመጣለሁ፤ ወሎ ውስጥ ይህ መቼም አይቸግርም። ለቆዳ ፋብሪካ ተብሎ ጨው የተነሰነሰበትን ግን አልጠቀምም። ፀጉሩንም በመቀስ አሳጥራለሁ እንጂ በምላጭ አልላጭም። መድኃኒቱን የሚያግደው የላይኛው ስስ ንብርብር ነውና እሱ ከተገፈፈ ልኬቱ ከንቱ ነው።

ዋናው ፈተና አረፋ ነው። የደሴ ውሃ ቀዝቃዛ ነው፤ ቀዝቃዛ ውሃ ብዙ አየር ይይዛል፤ ሴሉ ውስጥ ሲሞቅ ያንን አየር ይለቅና ልክ ከቆዳው ሥር ይለጠፋል። የእኔ ሴል አፍ 15 ሚሊሜትር ነው፤ ስፋቱ 1.77 ስኩዌር ሴንቲሜትር ይመጣል። ወርዷ 5 ሚሊሜትር የሆነች አንዲት አረፋ ከዚህ 11 በመቶ ገደማውን ትዘጋለች። ስለዚህ ባፈሩን አስቀድሜ አሙቄ በቫኩም አጣራለሁ። ያመለጠች ካለች ሴሉን ወደ ቱቦው ዘንበል አድርጌ በጥፍሬ መታ መታ ሳደርገው ከቆዳው ሥር ተንሸራታ በቱቦው ትወጣለች። ብርጭቆው ጥርት ያለ ስለሆነ ስትሄድ ትታያለች፤ በጣም የምወድለት ይህንን ነው። ዳይክሎፌናክ ብርሃን ስለማይስማማው ከዚያ በኋላ በፎይል እጠቀልለዋለሁ።

ማሞቂያው ሌላ ነገር ነው። የቆዳው ገጽ 32 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ መቆየት አለበት። የጥቅሉ ማሞቂያ ገንዳው ጠባብ ነው፤ መብራት በጠፋ ቁጥር በደሴ ብርድ ወዲያው ይቀዘቅዛል፤ ቅዝቃዜ ደግሞ የመድኃኒቱን ፍሰት ይቀንሳል። ገንዳው ሰፊ በሆነ ሌላ ተክቼዋለሁ፤ አሁን አጭር መቋረጥ አያሳስበኝም።

ስሌቱ ላይ ሁለት ነገር አትዝለሉ። ከ12 ሚሊሊትር ባፈር 0.5 ስትቀዱ 4 በመቶ ያህሉን መድኃኒት ወስዳችኋል፤ ያንኑ ያህል አዲስ ባፈር መልሱ፣ የወሰዳችሁትንም ደምሩ። መጀመሪያ ላይ መድኃኒቱ ቆዳውን እስኪያልፍ ጊዜ ይፈልጋል፤ ፍሰቱን ግራፉ ቀጥ ብሎ መውጣት ከጀመረበት በኋላ ካለው መስመር አውጡ።

ዕቃው እንደደረሳችሁ የአፉን ወርድ በካሊፐር ለኩ፤ የግማሽ ሚሊሜትር ልዩነት ስፋቱን 7 በመቶ ገደማ ያዛባል። የታችኛው ክፍል ቢሰበር ሻጩ ለብቻው አይሸጥም፤ መለዋወጫውን ከመጀመሪያው አብራችሁ እዘዙ።