«88 ቮልት» የሚል ድሪል ካያችሁ እለፉት

ባሕር ዳር ያላችሁ፣ በተለይ እንጨት ሥራና ብየዳ ላይ ያላችሁ፣ ይቺን ሳታነቡ ባለ ባትሪ ድሪል እንዳትገዙ።

አባይ ማዶ ትንሽ የእንጨት ሥራ ቤት አለችኝ። መብራት በጠፋ ቁጥር እጄን አጣጥፌ መቀመጥ ሰለቸኝ። መሀል ከተማ አንድ ሱቅ ገባሁ፤ ስሙን ተዉት። ልጁ ከመደርደሪያ አንድ ቦርሳ አወረደና «አለቃ፣ ይሄ 88 ቮልት ነው። ግንቡን እንደ ቅቤ ነው የሚበሳው» አለኝ። እውነትም ባትሪው ላይ በትልቁ 88 ተጽፏል። 8,500 ብር። ሎተሪ የወጣልኝ ነው የመሰለኝ። አየር ላይ አሽከረከረልኝ፣ ጮኸ፣ ከፈልኩ። አየር ላይ የማይዞር ድሪል የት አለ? ሞኝነቴ እዚያ ላይ ነው።

በሳምንቱ ዘጌ የበር ሥራ አገኘሁ። በጀልባ ተሻገርኩ። በሩ ዋንዛ ነው። ለማጠፊያው ስድስተኛውን ቀዳዳ ስበሳ ድሪሉ አቃሰተ፣ ባትሪው እጅ አላስነካ አለ፣ ከዚያ ጸጥ። የቤቱ እማማ ቡና እያቀራረቡ «ልጄ፣ ደከመው እንዴ?» አሉኝ። የቀረውን ከጎረቤት በተዋሱልኝ የእጅ መሰርሰሪያ ጨረስኩት።

ማታ ባትሪውን ፈታሁት። አሥር ሴል (ባትሪው የሚሠራባቸው ትንንሽ ድንጋዮች) የሚይዝ ሳጥን ውስጥ ያሉት አምስት ብቻ ናቸው። ግማሹ ባዶ! አንድ የሊቲየም ሴል ጢም ብሎ ሲሞላ 4.2 ቮልት ነው። አምስቱ አንዱ ከአንዱ በተከታታይ ሲያያዙ 21። ሥራ ላይ ደግሞ ወደ 18 ይወርዳል። 88 ለመድረስ 21 ሴል ያስፈልግ ነበር፤ የሴሉ ክብደት ብቻ አንድ ኪሎ ይጠጋል። የእኔው ግን እንደ ባዶ ቆርቆሮ ነው የሚቀለው።

የሚገርመው ቻርጀሩ አልዋሸም። ጀርባው ላይ በደቃቁ «21 ቮልት» ይላል። ስለዚህ ሱቅ ስትገቡ መጀመሪያ ቻርጀሩን ገልብጡ። ቀጥሎ ባትሪውን በእጃችሁ መዝኑት። ቁራጭ ጠንካራ እንጨት ይዛችሁ ሂዱና ደጋግማችሁ አስበሱት፤ ሻጩ ፊቱን ካጠቆረ መልሱን አገኛችሁ። መብሻውን አስገብታችሁ ቀስ ብላችሁ ስታዞሩት ጫፉ ክብ እየሠራ ከተወዛወዘም ተዉት።

ገመድ ያለው ግራይንደር፣ ያ በዲስክ የሚቆርጠውና የሚሞርደው፣ ላይ የሚጻፈው ቁጥርም ከዚህ አይሻልም። 1,200 ዋት የሚል ከሆነ በ220 ቮልት ሙሉ ሥራ ላይ 5.5 አምፒር ገደማ መሳብ አለበት። ክላምፕ ሜትር፣ ማለትም ሽቦውን አቅፎ አምፒር የሚለካ መሣሪያ፣ ያለው ኤሌክትሪሽያን ለምኑ፤ አንዱን ሽቦ ብቻ ነጥሎ ይለካላችኋል። ሁለት አምፒር ላይ ከቆመ ጽሑፉ ቀልድ ነው። በነፃ የሚሰጧችሁን ዲስክ ደግሞ እዩት። ትንሹ ግራይንደር በደቂቃ 11,000 ጊዜ ያህል ይዞራል። ዲስኩ ላይ ከዚያ የሚበልጥ ቁጥር ካልተጻፈ አትግጠሙት፤ ሲፈነዳ ዓይን ነው የሚያጠፋው።

ልመልስ ስሄድ «የተከፈተ ዕቃ አይመለስም ወንድሜ» ተባልኩ። ሸማችን የሚጠብቅ አዋጅ ቁጥር 813/2006 አለ፤ ግን ያለ ደረሰኝ ምን ይዤ ልክሰስ? ሁለት መቶ ብር ሲቀንስልኝ ደስ ብሎኝ ደረሰኙን ትቻለሁ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር።

ድሪሉ አሁን ቀለም ማማሰያ ሆኗል። እሱንም ቢሆን አንድ ባልዲ ሳይጨርስ ያርፋል።