ጅማ ውስጥ ከትንሽ ልጅ ጋር ለምትወጡ፦ እኚህን እናት እወቁልኝ

ሰላም የጅማ ሰዎች። ዛሬ የምጽፈው ስለ ሽንት ቤት ነው። ምግብ ላይ ያላችሁ ስትጨርሱ ተመለሱበት። ልጁን ከፓምፐርስ ለማስለቀቅ እየታገለ ያለ ወላጅ ግን እንዳያልፈው። ለእሱ ብዬ ነው የጻፍኩት።

ምስጋናውን ላስቀድም። መርካቶ በኩል፣ ገበያው ዳር ባለው የሕዝብ መጸዳጃና ሻወር በር ላይ ለሚቀመጡት እናት፦ አላህ ይስጥልኝ። ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ስማቸውን ልጻፍ ብዬ ስጠይቃቸው «ተወው ልጄ፣ የሚፈልገኝ ያገኘኛል» ስላሉኝ ትቼዋለሁ። እውነታቸውን ነው። ሻርፓቸውን ጣል አድርገው፣ ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው፣ የሳንቲም ጣሳቸውን ጭናቸው ላይ ይዘው ታገኟቸዋላችሁ።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ።

ባለቤቴ ነርስ ናት። ሌሊት አድራ ስትመጣ ቤቱ ጸጥ ማለት አለበት። ስለዚህ ልጃችንን ሚሚን ይዞ መውጣት የእኔ ሥራ ነው። ሚሚ ሁለት ዓመት ተኩል ሆኗታል። ባለቤቴ ጊዜው ደርሷል ያለችው ምልክቶቹን አይታ ነው። ሁለት ሰዓት ያህል ሳትሸና ትቆያለች፣ ፓንቷን ራሷ ዝቅ ታደርጋለች፣ ሲመጣባት ትናገራለች። ብዙ ልጆች ከ18 ወር እስከ 3 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ይጀምራሉ፣ የሌሊቱ ደግሞ ዘግይቶ ይመጣል አለችኝ። እሺ አልኩ። ፓምፐርስ ዋጋው የት እንደደረሰ ታውቃላችሁ። በሽንት ጨርቅ እንተካው እንዳንል የጅማ ክረምት ነው፤ አንድ ጨርቅ ለማድረቅ ፀሐይን ደጅ መጥናት አለ።

ቤት ውስጥ ብዙም አልተቸገርንም። ፖፖዋ ጥግ ላይ አለ። በልታ ሃያ ሠላሳ ደቂቃ ሲሆን እናስቀምጣታለን፤ ሆድ ምግብ ሲገባበት የታችኛውን ይገፋዋል ይላሉ፣ አሠራሩን እኔ እንጃ ግን ይሠራል። መከራው ከበሩ ውጭ ነው። «ስትወጡ ፓምፐርስ፣ ስትገቡ ፓንት ካላችኋት ግራ ይገባታል» ተብለናልና በፓንት እንወጣለን። ቦርሳዬን ብታዩት ዘመቻ የምሄድ ይመስላችኋል። መለዋወጫ ሱሪ፣ ፓንት፣ ካልሲ፣ ሶፍት፣ በሃይላንድ የተሞላ ውሃ፣ እርጥቡን የማስገባበት ፌስታል።

ይህን ሁሉ ይዞ ሽንት ቤት ማጣት ምን ያህል እንደሚያናድድ ላውራችሁ።

አንድ ካፌ ገባሁ። የት እንደሆነ አልናገርም። ዕቃ የሚቀመጥበት ቦታ እንኳ የሚያብረቀርቅ ካፌ ነው። ለሽንት ቤት ብቻ ነው የገባው እንዳይሉኝ ብዬ መጀመሪያ ማኪያቶ አዘዝኩ። ከዚያ ቁልፍ ጠየቅኩ። «ቁልፉን የያዘው ልጅ ወጥቷል» አለኝ አስተናጋጁ። ሚሚ እግሯን አጣምራ መዝለል ጀምራለች። ወዲያው አንድ ጎልማሳ ከጓሮ እጁን እያራገፈ መጣና ቁልፉን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ። በዓይኔ አየሁት! ተነስቼ ልወስድ ስል ጊዜው አልፏል፤ ሴራሚኩ ላይ ወረደ። አስተናጋጁ መወልወያ ይዞ መጣና ቤቱ ሁሉ እንዲሰማ «ወንድሜ፣ ፓምፐርስ ብታደርግላት አይሻልም?» አለኝ። ዘወር ብሎ ያላየን ሰው የለም። ማኪያቶዬን ሳልጠጣ ከፍዬ ወጣሁ። ጉርሻም ተውኩ፤ ለምን እንደተውኩ ግን እስከ ዛሬ አይገባኝም።

ሌላ ቀን ጉዳይ ለማስፈጸም አንድ ቢሮ ሄድኩ። ወረፋው ረጅም ነው። ጥበቃውን ስጠይቀው «የሠራተኛ ነው፤ እዚያ አጥሩ ሥር አሸናት» አለኝ። ሰው ሁሉ የሚያይበት አጥር ነው። ሴት ልጅ ናት እኮ! ወንድ ልጅስ ቢሆን!

የአባትን ነገር ደግሞ ማንም አያስብልንም። ወንዶች በኩል ይዣት ስገባ ቆመው የሚሸኑት ይደነግጣሉ፣ እሷም ትደነግጣለች። ሴቶች በኩል እንዳልገባ ማን ያስገባኛል? በር ላይ ቆሜ የማላውቃትን ሴት «እህቴ፣ ልጄን አንዴ…» ብዬ የለመንኩበት ጊዜ ብዙ ነው። እሺ ያላችሁኝ ሁሉ ተባረኩ።

ከሁሉም የጎዳን ግን ባጃጅ ውስጥ የሆነው ነው። ወንበሩን አረጠበችው። ሹፌሩ የማጠቢያ ጠየቀኝ፣ ከፈልኩት፣ መብቱ ነው። ግን ዞሮ ልጅቷን «ትልቅ ሴት አይደለሽም? አታፍሪም? ለጅብ ነው የምሰጥሽ» አላት። ቀልድ መስሎት ይሆናል። ሚሚ ከዚያ ቀን ጀምሮ መያዝ ጀመረች። ሽንቷንም ካካዋንም ትይዛለች። ሆዷ ድርቅ አለ፤ ፖፖውን ስታይ ታለቅሳለች። ባለቤቴ በሥራ ቦታዋ አንድ የሕፃናት ሐኪም አማከረች። ልጅ ሲፈራ ይይዛል፣ ሲይዝ ይደርቃል፣ የደረቀው ሲወጣ ያማል፣ ስላመመው ደግሞ ጭራሽ ይይዛል ብሏታል። ፓፓያና ውሃ አብዙላት፣ አትቆጧት፣ አታስቸኩሏት፣ ተሳክቶላት ካያችሁ አሞግሷት። ፓፓያ በጅማ አይቸግርም። አለማስቸኮል ነው የሚቸግረው፤ መንገድ ላይ ሆነህ እንዴት ነው ማታስቸኩለው?

አንድ እሁድ ጅሬን፣ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ወጥተን ነበር። አስጎብኚው ዳግማዊ አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ጅማን እንዴት እንደገዙ እያስረዳ ነው። ስለ ቁመታቸው ሊነግረን ገና ሲጀምር «ሺሺ!» የሚል ጩኸት ተሰማ። አቅፌያት ቁልቁለቱን ወረድኩ። ሳር ላይ ስትሸና ያንን ሁሉ አረንጓዴ ጋራ አየሁት፤ ጉብኝቴ እሱ ነበር። ንጉሡ ሁለት ሜትር እንደሚያልፉ የሰማሁት በኋላ ከሰው ነው።

እንዲህ ሆነን ነው እኚህን እናት ያገኘናቸው።

ቀኑ ሐሙስ ነው። የሐሙስ ገበያን ታውቁታላችሁ፤ ከሰቃውም ከዴዶውም ከማናውም ሰው ይመጣል፣ መርካቶ መተላለፊያ የለውም። በዚያ ላይ ዝናብ ጀመረ። ሚሚ ሱሪዬን ይዛ በአንድ እግሯ ቆመች። ያ ምልክት ነው፤ ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ የለም። አቅፌያት እየሮጥኩ መጸዳጃ ቤቱ ጋ ደረስኩ። ወረፋ! አለቀልን አልኩ።

እናት ከበርጩማቸው ሆነው አዩን። «ና፣ ና፣ አምጣት» አሉኝ። አንዲት ሴትዮ ወረፋ ነው እኮ ብላ አጉረመረመች። «ልጅ ወረፋ አያውቅም» አሏትና ተነስተው ቀደሙን። ሴቶች በኩል ገብተው «አባት ይዤ ነው» ብለው ድምፅ አሰሙ፤ ከዚያ መጨረሻ ያለችውን ክፍል ከፈቱልን። ወለሉ ደረቅ ነው። ሽታ የለም። ግን እንደምታውቁት ቀዳዳ ነው፣ ፖፖ አይደለም። ሚሚ ጨለማውን ጉድጓድ ስታይ ጮኸችና አንገቴን አንቃ ያዘች። አይዞሽ፣ ምንም የለም፣ ቶሎ በይ እላለሁ። ሴትየዋ በእጃቸው ዝም አሰኙኝ።

ትንሽዬ ጣሳ አነሱ። ግማሽ ድረስ ውሃ ቀዱበት። ጎንበስ ብለው ለሚሚ ሰጧት። «ይሄ ጉድጓድ ከጠዋት ጀምሮ ውሃ አልቀመሰም። ጠምቶታል። እስቲ አጠጪው።»

ሚሚ አየቻቸው፣ ጉድጓዱን አየችው፣ ጣሳውን አየችው። ከክንዴ ወረደች። አፈሰሰች። ጉድጓዱ «ጉልጉል» አለ። «ጠጣ!» አለች። «ጠጣ፣ ግን አልረካም» አሉና ደግመው ቀዱላት። እንደገና አፈሰሰች። አሁን እየሳቀች ነው። በዚህ መሀል እናት ከበሩ ኋላ ጠርዟ የተላጠ ቀይ ፖፖ አውጥተው ከጉድጓዱ አጠገብ አስቀመጡ። «አንቺም ከዚህ ላይ ሆነሽ ጨምሪለት» አሏት። ሚሚ ተቀመጠች። እኔ ጎንበስ ብዬ ሳይ ትከሻዬን ነካ አደረጉኝ። «ዙር ልጄ። ሰው አፍጥጦ እያየህ አንተ ትሸናለህ?»

ዞርኩ። ሁለታችንም ግድግዳውን እያየን ቆምን። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። እሳቸው ስለ በርበሬ ዋጋ ማውራት ጀመሩ፣ የምር፣ ስለ በርበሬ። እኔም መለስኩላቸው። ከዚያ ከኋላችን ድምፁ መጣ።

ተመስገን! ካካም ነበረበት! ስንት ቀን በፓፓያ የለመንነው ካካ!

ሚሚ ፖፖውን ራሷ ጉድጓዱ ውስጥ እንድትደፋ አደረጓት፤ እሳቸው በሥር በኩል ደግፈው። ከሻወሩ ለብ ያለ ውሃ አምጥተው አጥበው፣ እኔ ልብሷን ቀየርኩላት። «ጎበዝ ኢንተላ ኮ» ብለው (በኦሮምኛ «ልጄ» ማለታቸው ነው) እጇን ሳሙላት። ገንዘብ ሳወጣ «ለልጅ አይከፈልም» አሉኝ። ተከራከርኩ፣ አልተቻለም። እኔም ገብቼ ተጠቀምኩና የራሴን ከፈልኩ። ሌላ ምን ላድርግ?

ፖፖውን ከየት እንዳመጡት ስጠይቅ ራሳቸው ገዝተው ነው አሉኝ። ከገጠር ልጅ አዝለው ለገበያ የሚመጡ እናቶች ሲቸገሩ አይተው። ከአንዱ ልጅ ወደ ሌላው ሳያልፍ በበረኪና ያጥቡታል፤ ሲያጥቡት ቆሜ አይቻለሁ። ማንም አላዘዛቸውም። ደሞዛቸው ላይ የሚጨምርላቸው ነገርም የለም። ብዙው ሰው አፍንጫውን ይዞ ሳንቲም ወርውሮባቸው ያልፋል፤ ሰላምታ እንኳ አይሰጥም። እሳቸው ደግሞ የሚገባውን ሰው ሁሉ «በደህና ግባ» ነው የሚሉት።

አሁን የከተማ ጉዳያችንን የምናዞረው በእሳቸው ዙሪያ ሆኗል። ገበያም ይሁን ፀጉር ቤት፣ በቅድሚያ እዚያ ጎራ እንላለን። ሚሚ ከቤት ስንወጣ «ለጉድጓዱ ውሃ ልስጥ» ትላለች። ቤት ውስጥም መያዟን ተወች። ባጃጅ ውስጥ ግን አሁንም ጭኔ ላይ ካልሆነ አትቀመጥም። እሱ ገና ነው።

እናቶችና አባቶች፣ በተለይ አባቶች፣ ሂዱ። የምትሄዱት ለልጅ ብቻ አይደለም፤ ለአዋቂም ከተማው ውስጥ ካየኋቸው የሕዝብ መጸዳጃዎች ሁሉ ንጹሑ ይሄ ነው። ሻወሩም ሙቅ ውሃ አለው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ጀምሮ እስከ ማታ 1 ሰዓት ክፍት ነው። አርብ ከ6 ሰዓት ተኩል እስከ 8 ሰዓት ግድም ለጁምዓ ስለሚሄዱ ሌላ ሰው ነው የሚቀመጠው፤ ፖፖውን ከፈለጋችሁ ከዚያ በፊት ወይም በኋላ ድረሱ። ዝርዝር ብር ያዙ፣ መልስ ፍለጋ አታስቸግሯቸው። ሶፍት የራሳችሁን ያዙ። በረኪና ወይም ሳሙና ይዞ የሚሄድ ሰው ካለ ደግሞ ይቀበላሉ፤ ገንዘብ ሲሆን ነው እምቢ የሚሉት፣ ሞክሬዋለሁ።

ቦታው የጠፋባችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እመራችኋለሁ። ስትደርሱ የሚሚ አባት ነው የላከኝ በሏቸው። ዋጋ አይቀንሱላችሁም፣ ግን በጣም ይስቃሉ።