ቤት ድረስ የሚመጣው የሜሪላንድ የሕፃናት አገልግሎት

ልጄ ሁለት ዓመት ሊሞላው ሲል አፉን አልፈታም ነበር። «ወንድ ልጅ ይዘገያል» ያላለኝ ሰው የለም። እኔ ግን «ኢንፋንትስ ኤንድ ቶድለርስ» ወደሚባለው፣ እድገታቸው የዘገየ ሕፃናትን ወደሚረዳው የአሜሪካዋ ሜሪላንድ ግዛት አገልግሎት ደወልኩ። የሐኪም ወረቀት አያስፈልግም። ምርመራውም፣ ክትትሉም፣ አስተርጓሚውም በነፃ ነው። በሕጉ መሠረት ከተደወለ በ45 ቀን ውስጥ ልጁ ታይቶ ለልጁና ለቤተሰቡ የሚሰጠው እርዳታ ዕቅድ መውጣት አለበት።

ባለሙያዋ ቤታችን ትመጣለች። አሻንጉሊት ተሸክማ አይደለም፤ ምንጣፉ ላይ ቁጭ ብላ በራሳችን ማንኪያና ኩባያ ታጫውተዋለች። ሙዙን ከመስጠቴ በፊት ቆም ብዬ ዓይኔን እስኪያየኝ እንድጠብቅ አሳየችኝ። አሁን «ሙ!» ይላል። ደግሞ በአማርኛ አውሩት አለችን፤ ይህም በጣም ደስ አሰኘኝ።

ዋናው ሥራ ግን የወላጅ ነው፤ እሷ ስትሄድ ቀኑን ሙሉ መደጋገም አለ። አገልግሎቱ ከልደት ጀምሮ ስለሆነ የሚያሳስባችሁ ነገር ካለ ሦስት ዓመት እስኪሞላው አትጠብቁ።