ሙሉ ዶሮ እያዞረ የሚጠብስ ኦቨን፦ ከገና እስከ ክረምት

ከገና ሰሞን ጀምሮ በማዕድ ቤታችን የሚያገለግለው ይህ ኦቨን ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ፣ 1500 ዋት የሚወስድ፣ በብረት ዘንግ የተሰካውን ዶሮ በጋለ ማሞቂያ ሽቦ ፊት ቀስ እያለ የሚያዞር ዕቃ ነው። እንዲህ ያለውን ማሽን ለአሜሪካ ቤተሰቦች ያስለመደው ሮን ፖፒል በ1998 እ.ኤ.አ. «ሾውታይም ሮቲሰሪ»ን ለገበያ አቅርቦ በቴሌቪዥን ሲሸጥ፣ ሰዓቱን ሞልቶ መርሳት እንደሚቻል ለተመልካቹ ደጋግሞ ይናገር ነበር። አባባሉ ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን ዶሮው የሚያምረውም የሚበላሸውም ሰዓቱ ከመሞላቱ በፊት በሚሠራው ሥራ ስለሆነ፣ ይህ ግምገማ በአብዛኛው ስለዚያ ሥራ ነው።

ለዚህ ማሽን የሚስማማው የፈረንጅ ዶሮ ነው። የሐበሻ ዶሮ ሥጋው ጠንካራ፣ ስቡም ጥቂት በመሆኑ በቁሌት ውስጥ ቀስ ብሎ ሲበስል ይለሰልሳል እንጂ በደረቅ ሙቀት ፊት ሲዞር ይደርቃል። ሲገዙም ቆዳው ያልተገፈፈ መሆኑን ማየት ያስፈልጋል፤ ለወጥ ተብሎ ተገፍፎ የተዘጋጀ ዶሮ እዚህ አይሆንም፣ ምክንያቱም ስቡን ይዞ ሥጋውን ከመድረቅ የሚጠብቀው ቆዳው ነው።

ከቅመሙ ሁሉ የሚበልጠው ጨው ነው፤ እሱም በዋዜማው ምሽት መግባት አለበት። ለአንድ ኪሎ ዶሮ 12 ግራም ያህል፣ ማለትም ልክ የሆነ ሁለት የሻይ ማንኪያ ደቃቅ ጨው፣ ከውስጥም ከውጭም ይታሽና ዶሮው ሳይሸፈን ፍሪጅ ውስጥ ከሌላው ምግብ በታች ያድራል። ጨው መጀመሪያ ከሥጋው ውኃ ያወጣል፤ ያው ውኃ ጨውን አሟሙቶ ተመልሶ ሲገባ ሥጋው በሚጠበስበት ጊዜ እርጥበቱን የመያዝ ኃይል ያገኛል፣ ቆዳው ደግሞ በፍሪጁ አየር ይደርቃል። ዶሮን በሎሚና በጨው ደጋግሞ ማጠብ ለእኛ ሰው የማይተው ልማድ ነው፤ ሆኖም ፍንጣሪው ጀርም በየቦታው እንደሚያዳርስ መታወቅ አለበት። ያጠበ ሰው ቢያንስ በንጹሕ ወረቀት እስኪደርቅ ይጥረገው፤ እርጥብ ቆዳ ውኃው ተንኖ እስኪያልቅ ድረስ አይቀላም።

በማግስቱ የለሰለሰ ንጥር ቅቤ ከተፈጨ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ኮረሪማና ጦስኝ ጋር ተለውሶ በደረቱና በታፋው ቆዳ ሥር በጣት ይገባል። ከላይ ጥቂት ዘይትና ቁንዶ በርበሬ ብቻ ይበቃል። በርበሬን ከመጀመሪያው ቆዳው ላይ መቀባት አልመክርም፤ ሥጋው ሳይበስል በርበሬው አርሮ ይመራል። አዋዜ የሚወድ ሰው በዘይት አቅጥኖ ሊጠናቀቅ 15 ደቂቃ ያህል ሲቀረው በብሩሽ ቢቀባው ቀለሙም ጣዕሙም በቦታው ይሆናል። ሚጥሚጣ ሲበላ ይቀርባል።

ከዚያ የሚቀረው ማሰርና ሚዛን መጠበቅ ነው፤ በእኔ ግምት መመሪያው ወረቀት ከሁሉ ይበልጥ አለባብሶ ያለፈው ይህንን ነው። ክንፎቹ ከደረቱ ጋር፣ እግሮቹ እርስ በርሳቸው በጥጥ ክር ጠበቅ ተደርገው ይታሰራሉ፤ የፕላስቲክ ገመድ ይቀልጣል። ያልታሰረ ክንፍ በእያንዳንዱ ዙር ማሞቂያውን እየነካ ጫፉ ይከስላል። ዘንጉ ከመሀል ከወጣ ደግሞ ከባዱ ጎን ሲወጣ ሞተሩ ያቃስታል፣ ካለፈ በኋላ ዶሮው በድንገት ዱብ ይላል፣ የሞተሩ ጥርስም «ጠቅ፣ ጠቅ» ማለት ይጀምራል። ይህን ለማወቅ ኦቨኑ ውስጥ ማስገባት አያስፈልግም፦ የዘንጉን ሁለት ጫፎች በመዳፍ ላይ አሳርፎ ማንከባለል ነው። አንዱ ጎን ሁልጊዜ ወደ ታች የሚመለስ ከሆነ ዶሮውን ዘንጉ ላይ የሚይዙትን ሹካዎች ነቅሎ እንደገና መሰካት ይሻላል።

1.3 ኪሎ የሚመዝን ዶሮ በእኛ ማሽን አንድ ሰዓት ከሩብ ገደማ ይፈጅበታል፤ እኔ ግን ከሰዓቱ ይልቅ ቴርሞሜትርን አምናለሁ። አጥንቱንም ዘንጉንም ሳይነካ በታፋው ወፍራም ቦታ ሲገባ 74 ዲግሪ ሴልሺየስ ካሳየ በስሏል። የሚወጣው ፈሳሽ መጥራቱ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ወጥቶም 10 ደቂቃ ያህል ሳይቆረጥ ቢያርፍ ጭማቂው ሳህኑ ላይ አይፈስም።

መብራት በመሀል ከጠፋ ዶሮውን እንደዚያው ማቆየት አደገኛ ነው፤ በአራት ቆርጦ በድስት ከድኖ በከሰል ወይም በጋዝ ላይ መጨረስ ነው። እንጀራ ምጣድ ብቻውን 3500 ዋት አካባቢ ስለሚስብ ሁለቱን በአንድ ጊዜ የሚከፍት ቤት ብሬከሩ ሊዘጋበት እንደሚችል መጠበቅ አለበት።

ከጥንካሬው አንፃር ሞተሩና ማሞቂያው እስካሁን እንከን የላቸውም። የሹካዎቹ ብሎኖች ግን በሙቀቱ እየላሉ ስለሚሄዱ ዶሮው ከመጫኑ በፊት በየጊዜው ማጥበቅ ያስፈልጋል፣ የሰዓት መሙያው ቁጥሮችም ከቅባት የተነሳ እየጠፉ ናቸው። የስብ መቀበያው ትሪ ውስጥ ትንሽ ውኃ ቢገባበት ጭሱ ይቀንሳል። ውኃውን ትቶ በቁመቱ የተቆረጠ ድንች የሚደረድር ሰውም አለ፤ የእኛ ቤት ልጆች ዶሮውን ትተው የሚሻሙት ያንን ነው። መስታወቱ ለብ እያለ በሳሙና ካልታጠበ ቡናማው ቅባት ይጋገርበታል፤ በተለይ ሁዳዴ ሲገባ 55 ቀን ሳይከፈት ስለሚቀመጥ፣ ከቅበላ በኋላ በደንብ ያልታጠበ ኦቨን ለፋሲካ ሲከፈት የከረመ ስብ ይሸታል።

ለአራት ሰው ቤተሰብ ዋጋውን ያወጣል እላለሁ። ለበዓል እንግዳ ግን አንድ ዶሮ ብቻ ስለሚይዝ አይበቃም፤ በ12 ብልት ወጥቶ ሰፊ ማዕድ የሚያዳርሰውን ዶሮ ወጥ ይተካል ብሎ የሚገዛው ካለ ገንዘቡን ይያዝ።