በአንድ ኪቦርድ ሁለት ኮምፒውተር፦ ማውስ ዊዝአውት ቦርደርስ ለጽሕፈት ቤት ይሆናል ወይ?

ደብረ ብርሃን ውስጥ ትንሽ የጽሕፈትና ኮፒ ቤት አለችኝ፣ ጠረጴዛዬ ላይ ሁለት ኮምፒውተር አለ። አንዱ ቆየት ያለ ዴስክቶፕ ነው፣ ፕሪንተሩ እሱ ላይ ነው የተሰካው፣ የድሮ ደንበኞቼ ፋይልም በሙሉ እዛ ነው ያለው፣ ብዙው በቪዡዋል ግዕዝ የተጻፈ ስለሆነ ፎንቱ የሌለበት ማሽን ላይ ሲከፈት ዝብርቅርቅ ያለ ምልክት ብቻ ነው የሚታየው። ሁለተኛው ላፕቶፕ ነው፣ የተማሪዎች ሪሰርችና አዲስ ጽሑፍ በሙሉ እዛ ላይ እሠራለሁ። ሁለት ኪቦርድ ሁለት ማውስ ለአንድ ጠረጴዛ በጣም ብዙ ነው፣ ወረቀት የማስቀምጥበት እንኳን አልነበረኝም።

አንድ ቀን ከመንዝ የመጡ አባት አቤቱታ ያጽፉኛል፣ የድሮ ማመልከቻቸው ዴስክቶፑ ላይ ስላለ እሱን እያየሁ አዲሱን ላፕቶፑ ላይ እጽፋለሁ፣ በየአንቀጹ ወንበሬን እየጎተትኩ ወዲያና ወዲህ ስል አይተው አይተው «ልጄ፣ አረፍ በይ እስቲ፣ ምን ያንከራትትሻል?» አሉኝ። «አባቴ፣ ሁለቱ ማሽን አይገናኙም እኮ፣ ለዛ ነው» ብላቸው «ታዲያ የሚያገናኛቸው ጠፋ?» አሉ። እውነት ለመናገር የዛን ቀን ማታ ነው መፈለግ የጀመርኩት።

መጀመሪያ የገዛሁት ኬቪኤም ስዊች የሚባለውን ሳጥን ነው። አዲስ አበባ ድረስ ሄጄ 2,500 ብር ከፈልኩበት። ኪቦርዱንም ማውሱንም ሳጥኑ ላይ ትሰኩታላችሁ፣ ከሳጥኑ ሁለት ገመድ ወደ ሁለቱ ኮምፒውተር ይሄዳል፣ በተን ስትጫኑ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዞራል። ሐሳቡ ጥሩ ነው ግን ለእኔ ሥራ አልሆነም፣ ምክንያቱም በተኑን በተጫንኩ ቁጥር ኮምፒውተሩ ኪቦርዱን እንደ አዲስ እስኪያውቀው ሁለት ሦስት ሰከንድ መጠበቅ አለብኝ፣ ሁለት ሰከንድ ትንሽ ትመስላለች በቀን መቶ ጊዜ ስትሆን ግን ሥራ ታስፈታለች። ከዛ በላይ ደግሞ ጽሑፍ ከአንዱ ወደ አንዱ አያሻግርም፣ አሁንም ፍላሽ ያስፈልጋል፣ ኮፒ ቤት የሠራ ሰው ደግሞ ፍላሽ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል፣ አንድ ተማሪ ይዞት የመጣ ቫይረስ የሁሉንም ፎልደር ሾርትከት አድርጎት ይሄዳል። የእኔው ሳጥን ጭራሽ በተኑ በሁለት ወሩ መንቀርፈፍ ጀመረ፣ ሻጩም «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ብሎኝ ቀረ።

ከዛ ነው አንድ የዩኒቨርሲቲ ልጅ ማውስ ዊዝአውት ቦርደርስ የሚባለውን ሶፍትዌር ያሳየኝ። ነፃ ነው። የማይክሮሶፍት ሰዎች ከመደበኛ ሥራቸው ውጪ በሚሠሩበት ጋራዥ በሚባለው ፕሮጀክት ስር እንደ ፈረንጆቹ በ2011 የወጣ ነው፣ ከ2023 ጀምሮ ደግሞ ፓወርቶይስ በሚባለው የማይክሮሶፍት ነፃ ጥቅል ውስጥ ገብቷል። እስከ 4 ኮምፒውተር ያገናኛል። ሁለቱም ላይ ትጭኑታላችሁ፣ አንደኛው የሚስጥር ቁልፍ ይሰጣችኋል፣ ቁልፉንና የኮምፒውተሩን ስም ሁለተኛው ላይ ትጽፋላችሁ፣ አለቀ። ከዛ የትኛው በቀኝ የትኛው በግራ እንዳለ ሥዕሉን ጎትታችሁ ታስተካክላላችሁ፣ ማውሱን ወደ ስክሪኑ ጠርዝ ስትገፉት ዝም ብሎ ወደ ሌላኛው ስክሪን ይሻገራል፣ ኪቦርዱም ማውሱ ያለበትን ተከትሎ ይጽፋል። መጀመሪያ ያየሁ ቀን ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም፣ ያን ሁሉ ጊዜ ወንበር ስጎትት የኖርኩት!

ግን ዋናው ጥቅሙ ለእኔ ማውሱ አይደለም፣ ኮፒና ፔስቱ ነው። ዴስክቶፑ ላይ ኮፒ ያደረግኩትን ላፕቶፑ ላይ ፔስት አደርገዋለሁ፣ አማርኛውም በዩኒኮድ (ማሽኖች ሁሉ በሚጋሩት የፊደል አሰያየም) የተጻፈ ከሆነ ሳይበላሽ ይሻገራል። የድሮው የቪዡዋል ግዕዝ ጽሑፍ ግን እዛም ሄዶ ያው ምልክት ነው የሚሆነው፣ እሱ የሶፍትዌሩ ችግር ሳይሆን የፎንቱ ነው፣ እሱን እያየሁ እንደ አዲስ እጽፈዋለሁ። ፋይልም ያሻግራል፣ አንድ አንድ ፋይል ብቻ ነው ግን፣ ከ100 ሜጋባይት በታች መሆን አለበት፣ ብዙ ከሆነ ዚፕ አድርጉት። ለእኔ በቂ ነው፣ በሁለቱ መሀል ፍላሽ ካመላለስኩ ወራት ሆኖኛል።

አማርኛ ለምትጽፉ አንድ ነገር ልብ በሉ፣ ይሄን ማንም አልነገረኝም። ኪቦርዱ የሚልከው የተጫናችሁትን ቁልፍ እንጂ የተጻፈውን ፊደል አይደለም፣ ፊደሉ የሚሠራው ማውሱ የሄደበት ኮምፒውተር ላይ ነው። ስለዚህ የአማርኛ መጻፊያችሁ ሁለቱም ላይ መጫን አለበት፣ አንዱ አማርኛ ላይ ሆኖ ሌላው እንግሊዝኛ ላይ ሊሆንም ይችላል። እኔ መጀመሪያ ላይ ላፕቶፑ ላይ አማርኛ እየጻፍኩ ቆይቼ ወደ ዴስክቶፑ ስሻገር «ሰላም» ያልኩት በላቲን ፊደል እየተጻፈ ግራ ገብቶኝ ነበር። የአጻጻፍ ስልቱም ሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ይሁን፣ አለበለዚያ እጃችሁ የለመደው ቁልፍ እዛ ሌላ ፊደል ይሰጣችኋል።

ሌላው ኔትወርኩ ነው። ኢንተርኔት አያስፈልገውም፣ ይሄ እኛ ጋ ትልቅ ነገር ነው፣ ሁለቱ ኮምፒውተር እርስ በርስ ከተያዩ ይበቃል። በዋይፋይ ሞክሬው ነበር፣ ይሠራል ግን ማውሱ አንዳንዴ ይንቀጠቀጣል፣ ፊደልም ዘግየት ብሎ ይመጣል። አሁን አንድ አጭር የኔትወርክ ኬብል ከላፕቶፑ ወደ ዴስክቶፑ በቀጥታ ሰክቻለሁ፣ ራውተር መሀል ላይ የለም፣ መዘግየት የሚባል ነገር ጠፍቷል። መጀመሪያ እምቢ ካላችሁ ፋየርዎሉን፣ ማለትም በኔትወርክ የሚመጣን ግንኙነት የሚከለክለውን የዊንዶውስ መከላከያ፣ እዩት፣ ዊንዶውስ ሲጠይቃችሁ ፍቀዱለት፣ የእኔ ግማሽ ቀን ያባከነው እሱ ነው።

ኪቦርዱንና ማውሱን ደግሞ ላፕቶፑ ላይ ሰኩት፣ ዴስክቶፑ ላይ አይሁን። መብራት ሲጠፋ ዴስክቶፑ ወዲያው ነው ድርግም የሚለው፣ ላፕቶፑ ግን በባትሪው ይቀጥላል፣ ኪቦርዱ እሱ ላይ ካለ የጀመራችሁትን ጽሑፍ ምንም ሳይቋረጥባችሁ ትጨርሳላችሁ። እኔ መጀመሪያ በተቃራኒው አድርጌው ነበር፣ ደንበኛ ፊቴ ተቀምጦ እጄ የያዘው ኪቦርድ ሲሞት ወደ ላፕቶፑ ትንንሽ ቁልፎች መዞር ነበረብኝ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ የደብረ ብርሃን ጠዋት ጣት በቁር ደንዝዞ ሳለ እሱ ላይ መጻፍ ከባድ ነው።

የማልወድለት ነገር የለም አልልም። ማውሱ ሳላስበው ይሻገርብኛል፣ በተለይ ጥግ ላይ ያለችውን የመዝጊያ ምልክት ልጫን ስል፣ ግን ሴቲንጉ ውስጥ በስክሪኑ ማዕዘን እንዳይሻገር የሚከለክል ምርጫ አለ፣ ኮንትሮል ካልተጫነ አይሻገር ማለትም ይቻላል፣ እኔ የመጀመሪያዋን ነው ያበራሁት። ትልቁ ጉድለቱ ግን ለዊንዶውስ ብቻ መሆኑ ነው። የፓወርቶይሱ ዊንዶውስ 10 ወይ 11 ይፈልጋል። አንዱ ማሽናችሁ ሊኑክስ ወይ ማክ ከሆነ ኢንፑት ሊፕ የሚባለውን ተመልከቱ፣ እሱም ነፃ ነው፣ ባሪየር ከሚባለው የወጣ ነው፣ ባሪየር ራሱ ደግሞ ከሲነርጂ ነው የወጣው። የባሪየር ሥራ ስለቆመ እንደ አዲስ የምትጀምሩ ከሆነ እሱን አትጫኑ።

ያኛውን የኬቪኤም ሳጥን አልጣልኩትም። ሶፍትዌሩ የሚሠራው ዊንዶውስ ከተነሳ በኋላ ነው፣ ኮምፒውተር ፎርማት ሲደረግ ወይ ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የማሽኑ ሴቲንግ) ውስጥ ሲገባ ምንም አይረዳም፣ ሳጥኑ ግን እዛም ይሠራል። ሥራችሁ ኮምፒውተር መጠገን ከሆነ ደህና ሱቅ ፈልጋችሁ ሳጥኑን ግዙ። እንደኔ ቀኑን ሙሉ የምትጽፉ ከሆነ ግን ለኔትወርክ ኬብሏ ብቻ ከፍላችሁ ሶፍትዌሩን ጫኑ።